የአንድ ሺህ ሰባት ባለቤት

«እትዬ፣ እንደምን አደርሽ?»

ድምፁን ስትሰማ የሻይ ብርጭቆው ከአፏ ሳይደርስ ቀረ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ በዚህ ስልክ ደውሎላት አያውቅም። የስምሪት ኃላፊው ነው፤ ከእሷ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ የመኪና ቁልፎች ከተሰቀሉበት ሰሌዳ ሥር ተቀምጦ፣ የትኛው ሾፌር የትኛውን መኪና ይዞ የት እንደሚሄድ የሚመድብ ሰው። ከዚያ በፊት ደግሞ የታናሽ እህቷ ባል ነበር። ነበር ማለትም ይከብዳል፤ የፍቺው ወረቀት ገና አላለቀም። እህቷ ግን አንድ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ አንድ ዓይኗ አብጦ ከቤቱ ከወጣች አሥራ አንድ ወሯ ነው።

«ደህና። ምን ልርዳህ?» አለችው፣ ለማንኛውም ሠራተኛ በምትናገርበት ድምፅ።

«አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ‹የእኔ ፋይሎች› የሚለው ቦታ ሞልቶ ተትረፍርፏል። ሁለት መቶ ምናምን ፋይል! እኔ በዕድሜዬ የጻፍኩት የነዳጅ ቅጽ ብቻ ነው፤ መቼ ደራሲ ሆንኩ ብዬ ልጠይቅሽ ነው።» ሳቀ። «ስም እንኳ የላቸውም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይሄዳሉ። የሌላ ሰው ይሆኑ እንዴ?»

ክው አለች። ፋይሎቹ ምን እንደሆኑ፣ እንዴት እሱ ዘንድ እንደደረሱ፣ በምን ስህተት፣ በማን ስህተት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታያት።

«አትንካቸው!» ብላ ጮኸች። «አንዱንም እንዳትከፍት! ዝጋው፣ አሁኑኑ ዝጋው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ!»

ይህቺ ሴት ስትጮህ ሰምቶ አያውቅም፤ በእህቷ ሠርግ ቀን እንኳ፣ ድንኳኑ በሰው ጭንቅላት ላይ ሊወድቅ ሲል፣ «ቀስ ብላችሁ ውጡ» ነበር ያለችው።

«እሺ እትዬ» አለ በጣም ለስለስ ብሎ። ስልኩን ዘጋው።

ምነው «ኧረ የድሮ ቆሻሻ ነው፣ ተወው፣ ከሰዓት በኋላ እሰርዘዋለሁ» ባለችው! ወደ ነዳጅ ቅጹ ይመለስ ነበር። ውሸት የለመደ ሰው እንዲህ ያለውን ሳያስብ ይለዋል። እሷ ግን አልለመደችውም፤ ድንጋጤዋን እንዳለ አውጥታ ሰጠችው፣ እሱም ተቀበላት።

በመሥሪያ ቤቱ «የማሽኗ እናት» ነው የሚሏት፤ ግማሹ ለማሾፍ፣ ግማሹ ከልቡ። የሠራተኛው ኮምፒውተር ሁሉ የሚሠራባትን ትልቋን ሰርቨር የምትጠብቀው እሷ ናት። ሰርቨሯ በሞቀች ቁጥር የምትጮህ ማራገቢያ አላት፣ ክፍሉም ዓመቱን ሙሉ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ የማሽኗ እናት በሐሩሩ ወር እንኳ ሹራብ ለብሳ ነው የምትውለው። ያን ቀን ግን ሹራቧ ውስጥ ላብ አጠመቃት።

እዚህ ላይ ትንሽ ትዕግሥት እለምናለሁ፤ ይህ ካልገባ የፍርሃቷ ልክ አይገባም። ማሽን ሰው አታውቅም። በእያንዳንዱ ፋይል ላይ የምትጽፈው የባለቤቱን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ስም እኛን ደስ እንዲለን ስክሪን ላይ የሚወጣ ጌጥ ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው በምዝገባ ተራ ሆኖ ከአንድ ሺህ አንድ ይጀምራል። የስምሪት ኃላፊው በዚች ሰርቨር ላይ ሰባተኛ ተመዘገበ፣ አንድ ሺህ ሰባት ሆነ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የነጻ የሕግ ምክር ክፍል ደግሞ የራሱ አሮጌ ማሽን ነበረው። እዚያም ቁጥሩ ከአንድ ሺህ አንድ ይጀምራል። እዚያም ሰባተኛ የተመዘገበች አለች፤ የክፍሉ ፀሐፊ፣ ሁሉም «ወይዘሮ ፋይል» የሚሏት አሮጊት። እሷም አንድ ሺህ ሰባት ናት። ሁለቱ ማሽኖች ለየብቻቸው እስከኖሩ ድረስ ይህ ማንንም አልጎዳም።

ነገር ግን አሮጌው ማሽን ማቃሰት ጀመረ። የማሽኗ እናት ዲስኩን ፈትታ አወጣችና ትልቋ ሰርቨር ላይ ገጠመችው። የተገጠመ ዲስክ እንደ አንድ ፎልደር ሆኖ እንዲታይ ማድረግን በሙያው ቋንቋ ማውንት ማድረግ ይሉታል። ዲስኩ ሲመጣ ታዲያ ቁጥሮቹን ይዞ ነው የሚመጣው። ትልቋ ሰርቨር በወይዘሮ ፋይል ፋይል ላይ አንድ ሺህ ሰባት የሚል ስታነብ የራሷን መዝገብ ትገልጥና «የስምሪቱ ሰው ነው» ትላለች። የአንዷን ንብረት ለሌላው ታስረክባለች፣ በ‹የእኔ ፋይሎች› ዝርዝሩም ትደረድርለታለች፣ ያውም ምንም ስህተት ሳትሠራ።

ለዚህ መላ አለው። የማሽኗ ልብ፣ ሁሉን የሚጠብቀውና የሚፈቅደው ከርነል የሚባለው ክፍል፣ ዲስክ ሲገጠም ሠንጠረዥ ይቀበላል፦ እዚያ አንድ ሺህ አንድ የነበረው እዚህ አምስት ሺህ አንድ ይባል፣ እንዲሁ እያለ እስከ አሥራ ሁለት ሰው። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ፋይል አምስት ሺህ ሰባት ትሆናለች፣ ከማንም ጋር አትጋጭም። ግን ልብ በሉ፣ ሠንጠረዡ ዲስኩ ላይ አይጻፍም። የሚሠራው በዚያው መግቢያ ብቻ ነው። ያው ዲስክ በሌላ ፎልደር በኩል ያለ ሠንጠረዥ ከተገጠመ፣ በዚያኛው መግቢያ የሚታዩት የድሮዎቹ ቁጥሮች ናቸው።

የማሽኗ እናት ይህን ታውቃለች። ለሌሎች የምታስተምረው እሷ ናት፣ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። አንድ ልማድ አላት፦ አዲስ ዲስክ ሲመጣላት መጀመሪያ ‹ሙከራ› በሚል ፎልደር ያለ ሠንጠረዥ ትገጥመዋለች፣ ውስጡን ታያለች፣ ፋይሎቹን ትቆጥራለች። ወጥ ቀምሶ እንደማቅረብ ነው። ከዚያ በሠንጠረዥ አድርጋ በትክክለኛው ቦታ ትገጥማለች፣ በመጨረሻም ሙከራውን ትነቅላለች። ሰኞ ዕለትም እንዲሁ አደረገች። ሙከራውን ገጠመች፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል ቆጠረች፣ በሠንጠረዡም ገጠመች፣ አራተኛ ፎቅ ወጥታ ወይዘሮ ፋይል ፋይሎቿን በሰላም እንደከፈተች አየች። የቀራት ሙከራውን መንቀል ብቻ ነበር።

ልክ ያን ጊዜ እህቷ ደወለች። «እታለም፣ ቤት አገኘሁ!» አለቻት። አንድ ክፍል፣ ለስፌት መኪናዋ የሚሆን መስኮት ያለው፣ ደግ አከራይ። «ወይዘሮ ፋይል ጋ አድራሻዬን ዛሬውኑ አስቀየርኩ፤ መጥሪያ ቢመጣ እንዳይጠፋብኝ።» ታላቂቱ በደስታ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ወደ ቤቷ ሄደች። ሙከራው ባለበት ቀረ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ሌላም የሚከነክን ነገር አለ። እህቷ መጀመሪያ እዚህ ሕንፃ ውስጥ አቤቱታ ማስገባት አልፈለገችም። «እሱ ያለበት ቤት? አብደሻል?» ብላት ነበር። ያሳመነቻት እሷ ናት። «ፋይልሽ የሚቀመጠው እኔ እጅ ላይ ነው። ማንም ጫፉን አይነካውም» ብላ፣ ደረቷን ነፍታ።

ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበችና ሙከራውን እንድትነቅል ማሽኗን አዘዘች።

ማሽኗ እምቢ አለች። ተይዟል አለች። አንድ ሰው እዚያ ውስጥ የከፈተው ነገር አለ፤ ሳይዘጋው አልነቅልም።

ማን እንደያዘው ጠየቀቻት። መልሱ በአንድ መስመር መጣ፦ አንድ ሺህ ሰባት፣ ፋይል ስድስት። ደግማ ጠየቀች። ፋይል ሰባት። ደግማ። ፋይል ዘጠኝ።

ከላይ ጀምሮ በተራ እየከፈተ ነው። ወይዘሮ ፋይል ጉዳዮቹን ስማቸውን ሳትጠቅስ በመጡበት ተራ ቁጥር ነው የምትሰይማቸው፣ ማንም ዓይቶ እንዳያውቅ። ስሙ ያለው ከውስጥ ነው። ስለዚህ የስምሪቱ ሰው የሚፈልገውን ለማግኘት አንድ በአንድ መክፈት አለበት፤ የመጀመሪያዋን መስመር ያያል፣ ይዘጋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የእህቷ ፋይል አንድ መቶ አርባ ሦስት ነው። ይህን ቁጥር እንደ ልደቷ ቀን በቃሏ ታውቀዋለች።

የሚደረገውም ግልጽ ነበር። ከማሽኗ ማስወጣት። አንድ ትእዛዝ ነው፣ ይለፍ ቃል አስገብቶ መጫን ነው፣ ስክሪኑ ይጠቁርበታል። ይለፍ ቃሉን ጻፈች። ስህተት ነው አላት። ጣቶቿ የሷ አልሆን አሉ፤ ጎን ለጎን ያሉ ፊደላትን አብረው ይጫናሉ። ደግማ ጻፈች። አሁንም ስህተት። የተከፈተውን ፋይል እንዲያሳያት በተወችው ሁለተኛ መስኮት ላይ ቁጥሩ ያልፋል፦ ሃያ ስምንት። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ።

«ረጋ በይ» አለች ለራሷ ጮክ ብላ። «ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ረጋ በይ።»

ከሠላሳ አንድ ቀጥሎ ግን ሠላሳ ሁለት አልመጣም። አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት መጣ።

ገብቶታል። ፋይሎቹ ቀን አላቸው፤ እህቷ ከቤቱ የወጣችበትን ወር ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያስታውሰው የለም። ከዚያ ወር በፊት የተጻፉትን ትቶ በቀጥታ ወደሚፈልገው ዘለለ። የመኪና ስምሪት ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ መቼ ማን ከየት እንደወጣ መከታተል እንጀራው ነው።

አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። አንድ መቶ አርባ። በሁለት እጇ መጻፍ ትታ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ሕፃን ይለፍ ቃሉን ጻፈች። አንድ መቶ አርባ አንድ። ተቀበላት። ትእዛዙን ጻፈችና ተጫነችው።

በሁለተኛው መስኮት ላይ ያለው መስመር ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻው ቁጥር አንድ መቶ አርባ ሦስት ነበር።

ሙከራውን ነቀለችው። አሁን ማሽኗ ያለ አንድ ቃል እሺ አለች። ሁሉም ነገር መሆን ባለበት ቦታ ሆነ፣ ከሦስት ቀን በኋላ።

ስንት ሴኮንድ ነው ያየው? መስመሩ በየሁለት ሴኮንዱ ነው የሚታደሰው። ሁለት ይሆናል፤ ቢበዛ አራት። ሰው በአራት ሴኮንድ ምን ያነባል? ምንም አያነብም፣ አለች። ስሟን ያያል፣ ከዚያ ወዲያ ጠቁሮበታል። ይህን ለራሷ ሁለቴ ነገረችውና አላመነችውም። በትክክለኛው መንገድ ፋይሉን ከፈተችው። ዓይኗን ጨፍና፣ የግድግዳውን ሰዓት ድምፅ ተከትላ፣ አራት እስኪቆጥር ገልጣ መልሳ ጨፈነች።

የአመልካች ስም፣ የእህቷ ስም። ከሥሩ በደማቁ፦ አድራሻ፣ ከጣውላ መሸጫው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ቁጥር 31።

ሁሉንም አንብባዋለች። አራት ሴኮንዱም አላለቀም ነበር። ወይዘሮ ፋይል አድራሻን ሁልጊዜ ከስም ቀጥሎ በደማቁ ነው የምትጽፈው፣ መጥሪያ የሚያደርሰው ሰው እንዳይቸገር። እንዲህ ያለች ጠንቃቃ ሴት ናት።

ደወለች። የእህቷ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ደረጃውን እየዘለለች ወረደችና የስምሪት ክፍሉን በር ገፋችው። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ስክሪኑ ጥቁር ነው። በቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንድ መንጠቆ ባዶ ነው።

«ኃላፊው የት ሄደ?» አለችው በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ።

«አሁን ወጣ፤ ነጩን ፒካፕ ይዞ። መስክ ነኝ አለ።» ዘበኛው ፊቷን አየና ደነገጠ። «ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

ሮጣ ወጣች። ታክሲ አስቁማ ገባችና ለሾፌሩ «ጣውላ መሸጫው ጋ፣ በፍጥነት» አለችው። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ፋይል ደወለች። ነገሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት፣ የራሷን ጥፋት ሳትሸፋፍን። አሮጊቷ አልጮኸችም፣ አልወቀሰችም።

«የፍርድ ቤት እግድ አለ፤ መቶ ሜትር እንዳይጠጋት ታዟል» አለች። «ለፖሊስ የምደውለው እኔ ነኝ፣ የመዝገቡን ቁጥር አውቀዋለሁ። አንቺ ለልጅቷ ደውዪ። እስክታነሳ ድረስ ደውዪ።»

ደወለች። ይጠራል፣ ይጠራል። አእምሮዋ የማይሆን ነገር ሁሉ ያሳያታል፤ በሩ፣ ደረጃው፣ ያ ያበጠ ዓይን። ትራፊክ መብራት ላይ ቆሙ። መብራቱን ረገመችው፣ ከፊታቸው ያለውን አውቶቡስ ረገመችው፣ ከሁሉም አብልጣ ራሷን ረገመች። በስድስተኛው ጥሪ ተነሳ።

«ወዬ እታለም! የስፌት መኪናው እየጮኸ እኮ አልሰማ…»

«ስሚኝ። አሁኑኑ ከቤት ውጪ።»

«ምን?»

«እየመጣ ነው። ቤቱን አውቆታል። ምንም አትያዢ፣ ጫማሽንም ተዪው፣ በጓሮ በኩል ውጪና ሰው ወዳለበት ሂጂ። ወይዘሮ ፋይል ትደውልልሻለች።»

እህቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ማን ነገረው?»

ብዙ መልስ ነበር። ማሽኗ ማለት ይቻላል፣ ቁጥሩ ማለት ይቻላል፣ ሳይታወቅ ማለት ይቻላል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሳላውቅ ነው፤ ግን እኔ ነኝ።»

ወንበር ሲወድቅ ሰማች። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። የታክሲው ሾፌር በመስታወቱ አያት፤ ቀኙን ጥሶ አውቶቡሱን አለፈው።

ነጩ ፒካፕ ጣውላ መሸጫው ፊት ለፊት ቆሟል፣ የመሥሪያ ቤቱ አርማ በሩ ላይ ተለጥፎ። እሱ ሰማያዊው በር ጋ ነበር። እየደበደበ አልነበረም። እንደ ጨዋ እንግዳ በአንድ ጣቱ እያንኳኳ፣ ጆሮውን ወደ በሩ ጠጋ አድርጎ ያዳምጣል። ይህ ከመደብደብ በላይ አስፈራት።

«እትዬ፣ አንቺም መጣሽ?» አለ ዞር ብሎ።

«ከዚህ በር ዘወር በል።»

«ምን አደረግኩ? ሁለት ቃል ላናግራት ነው።» ፈገግ አለ። «እኔ እኮ አንቺ የላክሽልኝ መስሎኝ ነው። ያን ሁሉ ፋይል በስሜ ሳገኘው፣ በመጨረሻ እትዬ አዘነችልኝ ብዬ ነው የደወልኩልሽ። ላመሰግንሽ።»

እያሾፈ ይሁን ከልቡ ይሁን አላወቀችም። የትኛው እንደሚብስም አላወቀችም። በእሱና በበሩ መካከል ገብታ ቆመች። ራሷ ደረቱ ጋ ነው የሚደርሰው፤ ድንጋጤዋ ፊቷ ላይ ነው፣ እሱም ያየዋል። ከጀርባዋ፣ ከበሩ ወዲያ፣ ምንም ድምፅ የለም። ወጥታለች ወይስ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች? ዞር ብላ ማዳመጥ እንኳ ፈራች፣ እንዳያውቅባት።

ያላት አንድ ነገር ድምፅ ነበር። ያን ጠዋት ያጠፋችበት ድምፅ አሁን ሌላ ጥቅም አገኘ።

«የፍርድ ቤት እግድ አለብህ!» ብላ ጮኸች፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ። «መቶ ሜትር እንዳትጠጋ ተብለሃል! ደብድበህ ያስወጣሃትን ሴት ደጅ ምን ትሠራለህ? ሰው የለም? ሰው!»

ጣውላ ቤቱ ውስጥ መጋዙ ቆመ። ብናኝ የለበሱ አራት ሰዎች ወጥተው ዳር ዳሩን ቆሙ። የስምሪቱ ሰው አያቸው። ፈገግታው ሳይጠፋ እጁን ኪሱ ከተተና ባለበት ቆመ፤ እሷም ከበሩ አልተነቃነቀችም። ስንት ደቂቃ እንደቆሙ ቢጠይቋት አንድ ሰዓት ትላለች። ሁለት ፖሊሶች ሲመጡ የፒካፑን ቁልፍ ራሱ አውጥቶ ለእሷ ሰጣት።

«መኪናው የመንግሥት ነው፤ እንዳይጠፋ መልሽልኝ» አላት። «ጥቂት ቀን ነው እትዬ። ከዚያ እንገናኛለን።»

ከሄደ በኋላ አከራይዋ በሩን ከፈተችላት። ክፍሉ ባዶ ነበር። በስፌት መኪናው መርፌ ሥር ግማሹ የተሰፋ የልጅ ልብስ አለ፤ ካውያው እንደተሰካ ነው። አከራይዋ «በአጥሩ ላይ ነው የዘለለችው፣ በባዶ እግሯ» አለች። የማሽኗ እናት ካውያውን ነቀለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቀዝቃዛው ክፍሏ ተመለሰች። የስምሪቱ ሰው የከፈታቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ ጻፈችና አራተኛ ፎቅ ወጣች። ሠላሳ ሰባት ነበሩ። የሠላሳ ስድስት ሌሎች ሴቶች ስምና ቤት ነው፤ ለእያንዳንዳቸው መደወል ያስፈልጋል። ወይዘሮ ፋይል ወረቀቱን አየችው፣ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«የእህትሽን ከማሽን ላይ አጥፊው» አለች። «በወረቀት አለኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።»

«የት ናት?»

አሮጊቷ ስልኩን አነሳች። መደወል ጀመረች፣ ከአንደኛው ቁጥር።

የማሽኗ እናት ወረደችና አንድ መቶ አርባ ሦስትን አጠፋችው።

አሥር ሰዓት አልፎ ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«ደህና ነኝ እታለም» አለች እህቷ። ድምፅዋ ሻክሯል። «እግሬ ትንሽ ተቆርጧል እንጂ ደህና ነኝ።»

«ይቅር በዪኝ» አለች ታላቂቱ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም፤ አለቀሰች፣ እህቷም ጠበቀቻት። አለቀሰች አለቀሰችና እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ፣ ሳታስበው፣ አሥራ አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ የምትጠይቀውን ጠየቀች።

«የት ነሽ?»

«አልነግርሽም» አለች እህቷ።

«አንቺን ጠልቼ አይደለም» አለች ቀጥላ። «እሱ እንደሆነ አንድ ሳምንት አይታሰርም። ይወጣና አንቺ ጋ ይመጣል። ዛሬ ስትደነግጪ አይቶሻል። እስክትነግሪው ፊትሽን ያያል፣ አንቺ ደግሞ ፊትሽ አይዋሽም፣ ድሮም አይዋሽም።»

«ልክ ነሽ» አለች ታላቂቱ። ልክ መሆኑ እንደ ምት ነበር ያረፈባት። «አትንገሪኝ። ብለምንሽም እንዳትነግሪኝ።»

«እኔ እደውልልሻለሁ። አንቺ አትደውዪ።»

«መቼ?»

«እደውላለሁ አልኩ እኮ» አለች እህቷ፣ እንደ ድሮው ቆጣ ብላ፣ ስልኩም ተዘጋ።

የደወለችበት ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቀርቶ ነበር። የማሽኗ እናት ቁጥር አይረሳትም፤ አንዴ ካየችው ይቀመጣል፣ ይህ ሙያዋ ነው። መጀመሪያዎቹን ሦስት አኃዞች ይዛቸው ነበር። ደንግጣ ስልኩን ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ደፋችው። ትንሽ ቆየችና ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ እየዳበሰች ሰረዘችው፤ ተሰርዞ እንደሆነ ለማየትም ፈራች።